ባለ ሰባት ጎኑ ሰላጣ

ሰው ያሻሸው ነገር ይቀፈኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዳቦውን ሁሉ እየጨመቀች ስትመርጥ ካየሁ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ስታገቢ ባልሽን በጓንት ነው የምትይዢው?» ትለኝ ነበር። አላገባሁም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የምሠራው አብነት ሰፈር፣ አንድ ማስታወቂያ ቤት ነው። ባነር እናትማለን፣ ስቲከር እንቆርጣለን፣ የሱቅ ስም እንሰቅላለን። ቀኑን ሙሉ የሰው ምርጫ ሳስተናግድ እውላለሁ። አንዱ ቢጫ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ ሌላው ፎቶዬን ከሙዙ አጠገብ አድርጊልኝ ይላል። ያስጠላኛል፤ አደርግለታለሁ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።

የኔ ሱስ ግን ሌላ ነው። ያ በየሱቁ የሚሸጠው፣ ስድስት ቀለም ያለው የሚሽከረከር ኩብ አለ አይደል? እሱን ተማሪ ሆኜ ጨራርሼ ጠገብኩት። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የራሴን መሥራት ጀመርኩ፤ ኩብ ሳይሆን ወለል። የሻወር ቤት ሴራሚክ አስቡ። ባለ ስድስት ጎን ሴራሚክ ሦስት ሦስቱን በየጥጋቸው እየገጠማችሁ ብትደረድሩ እንደ ማር እንጀራ ልጥፍ ብሎ ይተኛል። አንድ ጎን ቀንሳችሁ ባለ አምስት ብታደርጉት ይጎብጥና ዞሮ ይገጥማል፤ ኳስ ይሆናል። አንድ ጎን ጨምራችሁ ባለ ሰባት ስታደርጉት ግን ጉድ ይፈላል። ወለሉ ይተርፋል። መተኛ ቦታ ያጣና ወደ ላይ ወደ ታች ይሸበሸባል፤ በጨመራችሁለት ቁጥር ይብስበታል፤ ጠርዙ የሰላጣ ቅጠል መስሎ ያርፈዋል። የሒሳብ ሰዎች ሃይፐርቦሊክ ይሉታል። እንግዲህ ይህን ወለል ነው እየቆራረጥኩ እንዲሽከረከር የማደርገው።

ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ማንም አይነካብኝም ነበር። ግን በእጄ ልይዘው አማረኝ። ከመሥሪያ ቤት የተረፈ የባነር ፕላስቲክ ቆረጥኩ፣ ባለ ቀለም ስቲከር ለጠፍኩበት፣ ቁርጥራጮቹን ጠርዝ ለጠርዝ ጠቅ በሚል የልብስ ቁልፍ አያያዝኳቸው። አንዱን ባለ ሰባት ጎን ለማዞር በዙሪያው ያሉትን ቁልፎች ትፈታላችሁ፣ ሙሉውን እንዳለ አንድ ጎን ያህል ታዞራላችሁ፣ መልሳችሁ ትቆልፋላችሁ። ያን ጊዜ ጠርዙ ላይ የነበሩት፣ ከአጠገቡ ባለ ሰባቶች ጋር የሚጋራቸው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ቀለም ቁርጥራጮች ጎረቤት ይለውጣሉ። አንድ ሁለቴ ካዞራችሁ ቀለሙ ይደበላለቃል። ጨዋታው ሁሉንም ወደ ቦታው መመለስ ነው፤ ሕጉም አንድ ብቻ ነው። ቁርጥራጭ ለብቻው ነጥሎ ማውጣት የለም። ነጥላችሁ አውጥታችሁ በፈለጋችሁበት ከቆለፋችሁማ ምኑን ጨዋታ ሆነ? ሸሚዝ መቆለፍ ነው።

አንድ ክፋትም ጨመርኩበት። የእያንዳንዱን ባለ ሰባት ጎን መሐል ጥቁር አደረግሁት። ስለዚህ ቀዩ የት እንደሚገባ፣ አረንጓዴው ከማን ጎን እንደሚቀመጥ የሚናገር ምልክት የለም፤ እሱንም አስቦ ማግኘት የተጫዋቹ ፋንታ ነው። ያለቀለትን መልክ ከኔ ኮምፒውተር በቀር የትም አላስቀመጥኩትም።

ጎረቤቴን ጋሼን ያመጣብኝ የምለጥፍበት ማስቲሽ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ከኔ ሥር፣ ሦስተኛ ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሽታው እንዲወጣልኝ በሬን ከፍቼ ስለጥፍ ከዘራቸውን እያንኳኩ ወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ፎቁን ሙሉ ልታሰክሪው ነው?»

ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ችሎት ውስጥ «ተነሡ!» የሚል ይመስላል። ይቅርታ ብዬ ማስቲሹን ከደንኩ። ለመሄድ ዞር ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ቀለሙ ተደበላልቆ ያለውን አዩት።

«ይሄ የተጨማደደው ምንድነው?»

በግድ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ አላቋረጡኝም። ከዚያ ሊነኩት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡትና «እጄን የት ልታጠብ?» አሉኝ። ሳይነገረው እጁን የታጠበ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። በዚሁ ተሸነፍኩ። እንደተደበላለቀ፣ በንጹሕ ፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እነሱ ቤት መውረድ ልማድ ሆነ። ሚስታቸው፣ እትዬ፣ ሻይ ያቀርባሉ፤ ጋሼ ደግሞ ያን ሳምንት የት እንደደረሱ ያሳዩኛል። እትዬ ገና ሲያዩት «ሰላጣ» አሉት፤ በዚያው ቀረ። «ሰላጣውን ከቡፌው ላይ አምጪለት» ይሉኛል፤ አመጣለሁ።

ጋሼ የሚያስጠላ ነገር አልነበራቸውም ማለቴ አይደለም። ሲያስቡ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ያንቀጫቅጩታል። ቀጭ፣ ቀጭ። ሻይ ሲጠጡ የሚያሰሙት ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። በሕጉ ግን ቀልድ የለም። አንድ ቀን የተነሣ ስቲከር ላስተካክል ብዬ አንዷን ቁርጥራጭ ለብቻዋ ነቀል ሳደርጋት ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልለጥፈው ነው ጋሼ፣ መልሼ እዚያው ነው የማደርገው።»

«ሥነ ሥርዓት የሚባል ነገር አለ» አሉኝ። «የሠራሽው አንቺ ስለሆንሽ ሕጉ አንቺን አይመለከትም?» ያን ቀን ሻዬን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ተናደድኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። በዚህች ከተማ ማታለል የሚቀፈው ሌላ ሰው አገኘሁ ብዬ።

ክርክራችን አንድ ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋታ መጨረሻው ላይ ይከብዳል። ሁሉም ተስተካክሎ ሦስት ቁርጥራጭ ብቻ ቦታ ተለዋውጠው ሲቀሩ፣ እነሱን ለመመለስ ሌላውን ማፍረስ ነው። ሌላውን ሁሉ እንደነበረ መልሶ ሦስቱን ብቻ የሚያቀያይር የመዞር ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። እኔ አለኝ፤ ረጅምና አሰልቺ ነው። ጋሼ ደግሞ «አጭር መንገድ አለ» አሉ። የለም አልኳቸው። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አጭር መንገድ እንዳይኖረው ብዬ ነው የቆረጥኩት። አጭር ካለውማ ሥራዬ ሥራ አይደለም። «አለ» አሉ፣ ጥርሳቸውን እያንቀጫቀጩ። «አሳይሻለሁ።»

አላሳዩኝም። ክረምቱ አልፎ በጋ ገባ፤ በየቅዳሜው ስወርድ ሦስት ቁርጥራጭ ቀርቷቸው አገኛለሁ። ደግሞ ያው ሦስት አይደሉም፤ በየሳምንቱ ሌላ ሦስት ናቸው። አንዱን ሲያቀኑ ሌላውን እያጣመሙ ነው ብዬ ደመደምኩ። እርጅና ነው አልኩ በልቤ። አጭር መንገድ ብሎ ነገር የለም፤ ሽማግሌው አላምንም ብለው ነው።

«ጋሼ፣ ካቃተዎት ልውሰደውና እኔ ልጨርሰው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ተይ እባክሽ፣ ተቃርቤያለሁ።»

ተቃርቤያለሁ! ይህቺ ቃል አንገሸገሸችኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተቃርቤያለሁ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሻይ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቀጭ ቀጭ። እትዬ ከጎናቸው ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ይቋጫሉ።

ጋሼ ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ከመኝታቸው ሳይነሡ። እኔ ሥራ ነበርኩ፤ ስመለስ በሁለቱ ሕንፃ መሐል ድንኳን ተተክሎ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ አየሁ። ማን እንደሆነ የነገረችኝ የመጀመሪያው ፎቅ ሴትዮ ናት። ቆሜ ቀረሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባዬ ግን አልመጣም። ውስጤ የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ቡፌው ላይ ያለው ሰላጣ። የት ደርሰው ነበር? አጭሩን መንገድ ጀምረውት ከሆነ፣ መሐል ላይ አቁመውት ከሆነ፣ ከቀለሞቹ አቀማመጥ ምን አዙረው ምን እንዳስቀሩ ማንበብ እችላለሁ። መንገዱ አለ ወይም የለም፤ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነው። ማንም እንዳይነካው አልኩ በልቤ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የጋሼ አስከሬን ቤት ውስጥ እያለ የማስበው ይህን ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ልደታ ማርያም ሆነ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ሰላጣውን አየሁት። ሰው እጅ ላይ ነበር።

ያወጣው የእትዬ ወንድም ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ድምፁ ድንኳኑን የሚያነሣ፣ ሆዱን ቀበቶው ላይ ያሳደረ ሰውዬ። ካርታ ሲጫወቱ ሰልችቷቸው ይሁን ምን ይሁን፣ «ጋሼ ሲጫወቱበት የነበረው ይህ ነው» ብሎ ለወንዶቹ አምጥቶላቸዋል። ንፍሮ እየቃሙ ይቀባበሉታል። በሽምብራ ልጣጭ የተለወሰ ጣት አየሁ። አንዱ ሊያዞረው ሲል አልዞርልህ ቢለው፣ ካርታ እንደሚያድል ሰው አውራ ጣቱን በምላሱ አረሰና ቁልፉን ቧጠጠው። ኤጭ! ሌላው ሊያቃና ብሎ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ይደፈጥጠዋል፤ እንዳይቃና ተደርጎ የተሠራውን። ቀልቤ ተገፈፈ። ተነሥቼ ሄድኩ።

«ይቅርታ፣ እሱን… ባትነኩት ጥሩ ነበር። ጋሼ የጀመሩት ነገር ነበረው።»

«አይዞሽ እህቴ፣ አንበላውም» አለ የእትዬ ወንድም፤ ወንዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። «የወንድማችን ማስታወሻ ነው። እጃቸው የነካውን ብንነካ ምን አለበት?» ይህን እያለ አንዷን ሦስት ቀለም ያላት የጥግ ቁርጥራጭ በጥፍሩ ነቀላት። ነጥሎ! አገላብጦ አያትና በሹል ጫፏ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ።

አቅለሸለሸኝ። ከድንኳኑ ወጥቼ የውሃ ታንከሩ ጀርባ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ስመለስ ቁርጥራጮቹ አግዳሚው ላይ፣ መሬት ላይ፣ በካርታው መሐል ተበታትነዋል። አለቀ። ጋሼ ያቆሙበት ቦታ ጠፋ፤ አጭሩ መንገድ ይኑር አይኑር የሚነግረኝ የለም። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «እንደ ልጃቸው ያዩዋት ነበር፤ አንዲት ዘለላ እንባ የላትም።» ዞሬ አፍጥጬ አየኋት። ምን ልበላት? ጥርስ ሲጎረጎርበት አይተሻል ልበላት?

በሦስተኛው ቀን፣ ከሥልስቱ መልስ፣ እትዬ ወደ ቤት አስጠሩኝ። ሶፋው ላይ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ወንድማቸው አጠገባቸው ነው። ሰላጣው ጭናቸው ላይ ነበር። አልቋል። ቀዩ ከቀይ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ አንዲት ስሕተት የለበትም።

«ጨረስንለት» አሉኝ።

«ድንኳኑ በሙሉ ነው የጨረሰው» አለ ወንድማቸው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ትናንት እሷ እንዲህ ተበታትኖ አይቅር ብትል፣ ሁላችንም አንድ አንድ ቁራጭ ይዘን ቆለፍን። የእድሩ ዳኛ እንኳ ቆልፏል።»

«ሥራው ተበታትኖ እሱ እዚያ እንዴት ተረጋግቶ ይተኛል?» አሉ እትዬ። «እንካችሁ ቆልፉ ያልኳቸው፣ ነፍሱ ትረፍ ብዬ ነው።»

ከዚህ የባሰ የሚያስጠላ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ያ ሁሉ ጣት፣ ያ ሁሉ ንፍሮ፣ ያ ሁሉ ምራቅ፤ ነጥሎ መንቀል፣ ነጥሎ መቆለፍ፤ ጋሼ ቢያዩት ከሳጥናቸው ተነሥተው ሥነ ሥርዓት ብለው ይጮሁ ነበር። ደግሞ ነፍሳቸው ትረፍ ተብሎ! አፌን ከፈትኩ። የማይሆን ነገር ልናገር ነበር፤ ምላሴ ላይ ሁሉ ተደርድሮ ነበር። አበላሻችሁት፣ አቆሸሻችሁት፣ የሰው ጭንቅላት የሠራውን እንደ ሸሚዝ ቆለፋችሁት ልል ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ቀዩ ላይ አረፈ።

ቀዩ መሐል ነው። መሐል መሆን አለበት። ከሱ በላይ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ሐምራዊው፣ ዞሮ አረንጓዴው። ሁሉም ቦታ ቦታቸው ናቸው፤ ልክ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳለው። መሐላቸው ጥቁር ነው፤ ምልክት የለባቸውም። ካርታ በመጫወት የደከመ ሰው ቁራጭ እየያዘ አስቦ የሚደርስበት ነገር አይደለም። ያለቀለትን ለጋሼም ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

«ቀለሙ የት የት እንደሚገባ ማን ነገራችሁ?» አልኩ።

«እኔ ነኛ» አሉ እትዬ።

«እርስዎ ከየት አወቁት? ሦስቱ ተስተካክለው አያውቁም እኮ።»

«ስንቴ አይቼዋለሁ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «ከቅዳሴ ስመለስ ጨርሶት ቁጭ ብሎ ያየዋል። ቀዩ መሐል፣ ይሄ ከላይ፣ ይሄ ከጎን። "ያቺ ልጅ እንዴት ያለች ናት" ይላል። ከዚያ ቁርስ ይበላል።»

«ጨርሰውት ነበር?»

«በየሳምንቱ! የቀዳሁለት ሻይ ሳይበርድ ነው እኮ የሚጨርሰው። መንገዷ አጭር ነች፤ እንዲህ እንዲህ ያደርግና…» እጃቸውን አየር ላይ አወዛወዙትና ተዉት። «እኔ አላውቅበትም። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሦስቷን አጣሞ ቡፌው ላይ ያስቀምጥልሻል።»

«ለምን?»

እትዬ ወንድማቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። የምጠይቀው ነገር ገርሟቸዋል።

«ካለቀማ ትወስደዋለች ይላል። ከወሰደችው ደግሞ ኩሩ ናት፣ ያለ ምክንያት የሰው በር አታንኳኳም ይላል።»

«ውሸታም!» አልኩ።

ጮኼ ነው ያልኩት። ሥነ ሥርዓት፣ ሕግ፣ ተቃርቤያለሁ! እያንዳንዷን ቅዳሜ ዓይኔን እያዩ ዋሽተውኛል። እኔ አርጅተው ነው ብዬ ሳዝንላቸው፣ አጭሩን መንገድ አፍንጫዬ ሥር ይዘው ሻይ ይጠጣሉ፤ ይዘውት ሄዱ፤ ከእንግዲህ ማን ያሳየኛል? አስጠሉኝ። ድንኳን ውስጥ ካየሁት ሰው ሁሉ ይልቅ ጋሼ አስጠሉኝ። «ውሸታም ሽማግሌ!» አልኩ እንደገና፤ ድምፄ ግን መሐል ላይ ተሰበረና የመጣው እሪታ ሆነ። ቁጭ ያልኩበትን አላውቅም። ሦስት ቀን አልመጣ ያለኝ እንባ በአፍንጫዬ በአፌ ወረደ። ሴቶቹ ከበሩ ተንጋግተው ገቡ። አንዷ ልታነሣኝ ስትል የእትዬ ወንድም በእጁ ከለከላት።

«ተያት፣ ተያት» አለ። «ይውጣላት።»

እትዬ ጎንበስ ብለው ራሴን ደባበሱኝ። እሳቸውም ያለቅሳሉ።

«እኔስ ነግሬው ነበር» አሉኝ። «ያለ ሰላጣውም ትመጣለች፣ ምን አስዋሸህ ብዬዋለሁ። አልሰማኝም። ትመጪ ነበር አይደል?»

«እንዴታ እትዬ» አልኳቸው። «እመጣ ነበር እንጂ።»

አልመጣም ነበር።